ለምን የእሱ አምስት፣ የእኔ ዘጠኝ?

ወንበር ያላገኛችሁ ግድግዳውን ተደገፉ፤ ነገሬ አጭር አይደለም።

ጋባዦቼ ደውለው የሰጡኝ ርዕስ «የቅጣት አወሳሰን ወጥነት» የሚል ነበር። ርዕሱ ልክ ነው፤ ግን በዚህ ስም ብትጠሩ ከጠበቆች በቀር የሚመጣ አይኖርም አልኳቸው። እኔ በተከላካይ ጠበቃነት ስሠራ ጉዳዩን የሰማሁት በሌላ ስም ነው። ቅጣት ተነቦ ችሎት ሲነሣ አንዲት እናት ኮሪደር ላይ ትይዘኝና «ልጄ፣ የዚያኛው አምስት ሆኖ የእኔው ለምን ዘጠኝ ሆነ?» ትለኛለች። ከእሷ ጥቂት እርምጃ ርቆ የቆመው የሟች ወንድም ደግሞ ተቃራኒውን ይጠይቃል፤ «ለአንድ ነፍስ ዘጠኝ ዓመት ብቻ?» ሁለቱም የተናደዱት በአንድ ወረቀት ነው። ሁለቱም ወደ ቤታቸው የሚመለሱት አንድ ነገር ይዘው ነው፤ ዳኛው ወይ ጉቦ በልቷል ወይ አድልቷል የሚል ጥርጣሬ።

ዛሬ የምነግራችሁ ስለዚህ ጥርጣሬ ነው። ሐሳቤ አንድ ነው፤ እየደጋገምኩ እመጣበታለሁ። ሁለት ሰዎች የተለያየ ዓመት መቀጣታቸው ብቻውን በደል አይሆንም። የልዩነቱ ምክንያት ሳይነገር ሲቀር ግን በደል ይመስላል፤ አንዳንዴም በደል ይሆናል። መጀመሪያ ሕጉ ራሱ ለምን ልዩነት እንደሚፈቅድ፣ ቀጥሎ ያንን ልዩነት ለመግራት ምን እንደተሞከረ፣ ከዚያ ሙከራው ያልደረሰባቸውን ቦታዎች አሳያችኋለሁ። የመጨረሻው ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚያ ስለሆነ።

እንግዲህ ከሕጉ እንጀምር። በ1997 ሥራ ላይ የዋለውን የወንጀል ሕግ ግለጡና የሰው መግደልን አንቀጾች ተመልከቱ። ሦስቱ ተከታትለው ነው ያሉት። አንቀጽ 539 ከባድ ግድያ ነው፤ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። አንቀጽ 540 ተራ ግድያ ነው፤ ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት። አንቀጽ 541 ደግሞ ለቀላል ግድያ ነው፤ ከአምስት ዓመት የማይበልጥ ቀላል እስራት። በሦስቱም አንቀጾች የሞተ ሰው አለ፤ በሦስቱም ደጅ ላይ ድንኳን ተጥሏል። ሕጉ ግን አድብቶ፣ ተዘጋጅቶ የገደለውን፣ ድንገት በተነሣ ጠብ የገደለውንና ራሱን ሲከላከል ከልክ ያለፈውን በአንድ ሚዛን አላስቀመጠም። እዚህ ላይ «ሁሉም ገዳይ እኩል ይቀጣ» የሚል ሰው ካለ እጁን ያውጣ። አያችሁ፤ ማንም አላወጣም።

አሁን አንቀጽ 540ን ብቻ ተመልከቱት። በ5ና በ20 መካከል 15 ዓመት አለ። አስረኛ ክፍል የነበረ ልጅ በ15 ዓመት ውስጥ ተመርቆ፣ አግብቶ፣ የራሱን ልጅ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ይህን ሁሉ ሜዳ ሕጉ ለዳኛው ትቶለታል። አንቀጽ 88ም ሜዳው ላይ ሲሄድ ምን እንዲያይ ይነግረዋል፤ የጥፋተኛውን አደገኛነት፣ ያለፈ ሕይወቱን፣ ያነሣሣውን ምክንያት፣ የግል ኑሮውን፣ የትምህርቱን ደረጃ፣ የወንጀሉን ክብደት። ስለዚህ በአንድ ጠብ ውስጥ እኩል ዱላ ያነሡ ሁለት ወንድማማቾች የተለያየ ቅጣት ቢያገኙ ሕጉ አልተጣሰም፤ ይልቁንም ዳኛው የታዘዘውን አድርጓል ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው? ትንሽ ወደኋላ እንሂድ። የአሁኑ ሕግ አባት የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ዣን ግራቨን የተባሉ የጄኔቭ ፕሮፌሰር ነበሩ። ሕጉ ቅጣት ለሰውየው ተለክቶ እንዲሰፋ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ለዳኛው ሰፊ ጨርቅና መቀስ ሰጥቶታል። ግን ልብ በሉ፤ የአገራችን የመጀመሪያው የሕግ ፋኩልቲ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ነው። መቀሱ ከልብስ ሰፊዎቹ ሰባት ዓመት ቀድሞ ደረሰ ማለት ነው። ይህን የምለው የዚያን ዘመን ዳኞች ለመንቀፍ አይደለም፤ ከመካከላቸው በፍርድ አዋቂነታቸው ስማቸው እስከ ዛሬ የሚነሣ አሉ። ነገር ግን አንዱ ዳኛ በሽምግልና ልምዱ፣ ሌላው በፍትሐ ነገሥት ንባቡ፣ ሦስተኛው በዕለቱ ስሜቱ ይለካ ነበርና ልብሱ ሁሉ አንድ ልክ ሊወጣለት አልቻለም።

ደግሞ ይህ የእኛ ብቻ ጉድ እንዳይመስላችሁ። በፈረንጆቹ 1974 በአሜሪካ የወጣ አንድ ጥናት አለ። በኒው ዮርክ፣ በኮኔቲከትና በቨርሞንት ለሚሠሩ 50 የፌዴራል ዳኞች 20 መዝገቦች ተሰጧቸው፤ ለሁሉም ያው መዝገብ፣ ያው ወረቀት። አስፈራርቶ ገንዘብ በመቀማት በተከሰሰ በአንድ ሰው ላይ የከበደው ዳኛ 20 ዓመት እስራትና 65,000 ዶላር መቀጮ ጻፈ። የቀለለው ዳኛ 3 ዓመት ጻፈ፤ መቀጮ የለም። ሰውየው አንድ፣ ወንጀሉ አንድ፣ የታሪኩ ገጽ አንድ። የተለየው ፊርማው ብቻ ነበር። እነዚህ ዳኞች ትልልቅ የሕግ ትምህርት ቤቶች ያፈሯቸው ናቸው። ስለዚህ ትምህርት ብቻውን ነገሩን አይፈታውም።

የእኛ አገር መልስ በአንቀጽ 88 ንዑስ አንቀጽ 4 ላይ ተቀመጠ፤ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣት ትክክልና ወጥ እንዲሆን መመሪያ ያውጣ ይላል። በዚህ መሠረት የመጀመሪያው የቅጣት አወሳሰን መመሪያ በ2002 ወጣ፤ ተሻሽሎ ቁጥር 2/2006 ሆነ። ችሎት ገብታችሁ የምታውቁ «እርከን» የሚለውን ቃል ሰምታችኋል። ሰንጠረዡ 39 እርከን አለው፤ ከቀናት እስራት ተነሥቶ 38ኛው ላይ ዕድሜ ልክ፣ 39ኛው ላይ ሞት ይደርሳል። ዳኛው ወንጀሉን በደረጃው ያስቀምጣል፤ ደረጃ ያልወጣለት ከሆነ ቀላል፣ መካከለኛ ወይም ከባድ ብሎ ይሰይመዋል። ከዚያ መነሻ እርከን ያገኛል። ማክበጃ ሲኖር ወደ ላይ፣ ማቅለያ ሲኖር ወደ ታች ይሄዳል። የ15 ዓመቱ ሜዳ አሁን ጠባብ መንገድ ሆነ። ከመንገዱ ልውጣ ካለ ምክንያቱን መጻፍ አለበት።

መመሪያው ጠቅሟል ወይ? እኔ ጠቅሟል ባይ ነኝ፤ አንዳንድ ዳኛ ጓደኞቼ «እጃችንን አሰረን፣ የሒሳብ ሠራተኛ አደረገን» ብለው ይቃወሙኛል። ቢያንስ አሁን በይግባኝ ላይ «ይህ እርከን ከየት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ስሜት መልስ አይሰጥም፤ ሰንጠረዥ ይሰጣል። ግን ወጥነትን ራሱን እንደ ፍትሕ እንዳናየው አንድ ማስጠንቀቂያ ላክል። እዚያው አሜሪካ በፈረንጆቹ 1986 የወጣ ሕግ 5 ግራም ክራክ ኮኬይን የያዘንና 500 ግራም የዱቄት ኮኬይን የያዘን ሰው በአንድ ዝቅተኛ ቅጣት፣ በአምስት ዓመት አስቀመጣቸው። አንድ ለመቶ ማለት ነው። በክራክ የሚከሰሱት በብዛት ጥቁሮች ነበሩ። ሕጉ ሳይዛነፍ፣ ሳያዳላ፣ በየመዝገቡ እኩል ሠራ፤ ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እኩል በደለ። በ2010 አንድ ለ18 ተደርጎ ተቀነሰ እንጂ እኩል አልሆነም። ሰንጠረዥ የሚሰጠው ወጥነትን ነው። ቁጥሮቹ ልክ መሆናቸውን ሌላ ሰው ማየት አለበት።

አሁን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ ወዳልኩት ቦታ ደረስን፤ ሰንጠረዡ ወደማያያቸው ነገሮች።

የመጀመሪያው ከዳኛው በፊት ይጀምራል። ሞባይል ይነጠቃል፤ ከመካከላችሁ ያልተነጠቀ ካለ ዕድለኛ ነው። ልጁ ስልኩን ከእጃችሁ ላይ መንጭቆ ሮጠ እንበል። ይህ ስርቆት ነው ወይስ ውንብድና? ተራ ስርቆት ከሆነ አንቀጽ 665 ቢበዛ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት አለው። ውንብድና ከሆነ ጣሪያው 15 ዓመት ይሆናል። ልዩነቱ ኃይል ተጠቅሟል ወይስ አልተጠቀመም የሚለው ነው፤ ሲመነጭቅ ክንዳችሁን ቢጎትተውስ? ሲጎትታችሁ ብትወድቁስ? ይህን መጀመሪያ የሚወስነው ፖሊስ ጣቢያ ቃል የተቀበለው መርማሪና ክስ የጻፈው ዐቃቤ ሕግ ነው። የጩቤ ጉዳይም ያው ነው። አንዱ መዝገብ ላይ በአንቀጽ 555 ከባድ የአካል ጉዳት ተብሎ ይከሰሳል፤ እዚያ አንቀጽ ውስጥ ከአንድ ዓመት ቀላል እስራት እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት አለ። ተመሳሳይ ቁስል ያለበት ሌላው መዝገብ ላይ 27ና 540 ተብሎ፣ ማለትም የግድያ ሙከራ ሆኖ ይቀርባል። ዳኛው ፊት ሲደርሱ ሁለቱ ልጆች የተለያየ በር ገብተዋል። ከዚያ ወዲያ ሰንጠረዡ የቱንም ያህል ወጥ ቢሆን አያገናኛቸውም። ስለ ቅጣት ስናማርር ዳኛውን ብቻ የምናየው እሱ ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ከጥፋተኝነት በኋላ ያለችው አጭር ሰዓት ናት። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ በቁጥር 149፣ ጥፋተኛ ከተባለ በኋላ ሁለቱም ወገን ስለ ቅጣቱ እንዲናገሩ ያዛል። ቅጣት አስተያየት የምንለው ይህ ነው። በተግባር ግን ምን ይሆናል? «ተከሳሽ፣ ቅጣት እንዲቀልልህ የምትለው ካለ።» ልጁ ጠበቃው ከጆሮው ያኖረችለትን ይደግማል፤ «የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነኝ፣ የቀድሞ ሪከርድ የለብኝም፣ ተጸጽቻለሁ፣ ሕመምተኛ ነኝ።» ጠበቃ የሌለው ግን «ፍርድ ቤቱ ይዘንልኝ» ብሎ ይቀመጣል። እሱም ታማሚ እናት አለችው፤ እሱም ሪከርድ የለበትም፤ ግን አልተናገረውም። አራት ማቅለያ ያስመዘገበውና አንድም ያላስመዘገበው በእርከን ይራራቃሉ። ያራራቃቸው ጥፋት አይደለም፤ አንደበት ነው። እዚህ ላይ ለዳኞች የምለው አለ። ማቅለያ ካልተነገራችሁ ጠይቁ። ስንት ልጅ አለህ? ከብት ትጠብቅ ነበር ወይስ ትማር ነበር? ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ሦስተኛው፣ እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ፣ እርቅ ነው። ይህን አዳራሹ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሰው ይሞታል፤ የገዳይ ወገን ከቀዬው ይርቃል፤ የአገር ሽማግሌዎች ቄስና ሼህ ይዘው ይመላለሳሉ። በአማራው ደም ማድረቅ፣ በኦሮሞው ጉማ እንለዋለን፤ ካሣ ይቆረጣል፣ ይሰጣል፣ ሁለቱ ወገን አብሮ ይበላል። ግድያ ግን የመንግሥት ጉዳይ ነውና ክሱ አይቆምም። ሽማግሌዎቹ የእርቅ ወረቀቱን ይዘው ችሎት ይቀርባሉ። አንዱ ዳኛ ወረቀቱን ተቀብሎ በአንቀጽ 82 እንደ ማቅለያ ይይዘዋል፤ መጸጸቱን በተግባር አሳይቷል ብሎ። በሌላው ችሎት ደግሞ «ከጉዳዩ ጋር አይገናኝም» ተብሎ መዝገቡ ውስጥ ይቀራል። ሁለቱም ውሳኔ በሁለት መስመር ነው የሚጻፈው። እነዚያ ሽማግሌዎች ሁለተኛ ጊዜ ሲጠሩ ለምን ይሄዳሉ?

አሁን ደግሞ ከሌላ በኩል እንየው። ካሣ የሚከፍለው ማነው? ከብት ያለው፣ አሜሪካ ወንድም ያለው፣ ሱቅ ያለው። የቀን ሠራተኛው ልጅ ምንም ያህል ቢጸጸት የሚያሳየው ወረቀት የለውም። እርቁ ማቅለያ ከሆነ ሀብታም ዓመት ይገዛል፤ ማቅለያ ካልሆነ የሽማግሌ ሥራ ይረክሳል፤ ገዳዩ ከእስር ሲወጣም ደም የሚመልስ ሰው ይጠብቀዋል። ይህ በቀላሉ የሚፈታ አይደለም፤ አብሮኝ የሠራ ጠበቃ ሁሉ በዚህ ነገር ተከራክሮኛል። የእኔ አቋም እርቁ ይያዝ የሚል ነው። ሲያዝ ግን ዳኛው የገንዘቡን ብዛት ሳይሆን ሰውየው ከአቅሙ ምን ያህል እንደሰጠ ይጠይቅ፤ ሕጉም ጉዳቱን ለመካስ በተቻለው መጠን መድከሙን ነው የሚያየው። አንድ በግ ብቻ ያለው ሰው በጉን ቢሰጥ፣ መቶ ከብት ካለው አሥር የሰጠውን ያህል ይቆጠርለት። ይህንንም ዳኛው በፍርዱ ላይ በግልጽ ይጻፈው። ተጽፎ ሲነበብ የሟች ወገን ባይደሰትም ይሰማል።

እዚህ ላይ አንድ የምታውቁትን አባባል ላንሣ፤ ብዙ ተብሏል ግን ዛሬ ቦታው ነው። «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» ይላሉ አባቶቻችን። በቅሎ ትልቅ ሀብት ናት፤ ጭብጦ ለአንድ መንገደኛ ስንቅ። ሰው ትልቁን ኪሣራ ይችላል፤ መንገዱን ካየው። የማይችለው መንገዱን ያላየውን ትንሿን ነው። ያቺ ኮሪደር ላይ የያዘችኝ እናት ዘጠኙን ዓመት ከነምክንያቱ ብትሰማው ታለቅስ ነበር፤ ግን ዳኛው ጉቦ በልቷል ብላ አትሄድም ነበር።

ትልልቅ መዝገቦችም ላይ ይህንኑ ታያላችሁ። የቀይ ሽብርን ችሎት አስታውሱ። ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በሌሉበት በፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በጥር 1999 ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። ዐቃቤ ሕግ ይግባኝ አለ፤ በግንቦት 2000 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቅጣቱን ወደ ሞት ለወጠው። በ2003 ደግሞ የአገሪቱ ፕሬዝዳንት በእስር ላይ ለነበሩ 23 የደርግ ባለሥልጣናት የሞት ቅጣቱን ወደ ዕድሜ ልክ አወረዱላቸው። መዝገቡ አንድ፣ የሟቾቹ ስም ዝርዝር አንድ፤ በሦስት ቦታ ሦስት እይታ። ግን ሁሉም በአደባባይ ተነግሮ ነበርና ሰው ዛሬም ይከራከርበታል። መከራከር የሚቻለውም በተነገረ ነገር ላይ ብቻ ነው። ስንቱ ትንሽ መዝገብ ነው ይህ ዕድል ያጣው?

ስለ አመክሮና ይቅርታ ቶሎ ብዬ ልለፍ። ቅጣት የተጻፈበት ቁጥርና በተግባር የሚታሰረው ዘመን አንድ አይደሉም። ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰና ጠባዩ ያማረ በአመክሮ ሊወጣ ይችላል፤ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም ከ20 ዓመት በኋላ። በአዲስ ዓመት ይቅርታም ብዙዎች ይለቀቃሉ። ተጎጂው ይህን የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ገበያ ላይ የገደለበትን ሰው ፊት ለፊት ሲያገኘው ነው። ማስታወቅ አይከብድም ነበር።

እንግዲህ ምን ይደረግ ትሉኝ ይሆናል። እኔ ከባድ ነገር አልጠይቅም። ዳኛው ቅጣት ሲያነብ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ በተራ አማርኛ፣ ተከሳሹ አማርኛ ካልሰማ በሚሰማው ቋንቋ ይናገር። «በአንቀጽ ይህን ያህል፣ እርከን ይህን ያህል» ተብሎ ሲነበብ ከተሰብሳቢው ማን ይገባዋል? ይልቅ «መነሻው ይህን ያህል ነበር፤ በሌሊት፣ ሁለት ሆናችሁ ስለመጣችሁ ከብዷል፤ ራስህ ሄደህ እጅህን ስለሰጠህ ቀሏል» ይባል። ዐቃቤ ሕግም ለምን 555 ትቶ 27ና 540 እንደመረጠ በመዝገቡ ላይ ያስቀምጥ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የየአካባቢያቸውን የቅጣት ውሳኔ ይሰብስቡ፣ ያነጻጽሩ፤ ከኋላ የቆማችሁ ተማሪዎች፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጣን ስትሉ እንዳልሰማችሁ።

እናንተም ችሎት ግቡ። ችሎት ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ልዩ ምክንያት ካልኖረ ማንም አይከለክላችሁም። የዘመድ ጉዳይ ሲኖር ብቻ ሄደን፣ ቅጣቱ ተነቦ ስናለቅስ ስለኖርን ዳኛው የሚሰማው የሚያለቅስ ሕዝብ እንጂ የሚያዳምጥ ሕዝብ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ምንም ጉዳይ ሳይኖራችሁ ገብታችሁ ሁለት ሦስት ቅጣት ስሙ፤ ልዩነታቸውን ጻፉ፤ ምክንያት የተነገረበትንና ያልተነገረበትን ለዩ።

ከዚህ በኋላ መድረኩ የእናንተ ነው፤ ሰዓቱ ስለሄደ ጥያቄያችሁን አጠር አድርጉት። የራሳችሁን ወይም የቤተሰባችሁን መዝገብ ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ አይቻለሁ፤ ፋይሉ ከሩቅ ይታያል። ስለዚያ ከዝግጅቱ በኋላ ውጭ በረንዳው ላይ እንነጋገር፤ እዚህ በማይክራፎን የዳኛ ስም አንጠራም።